ሀ ሁ በዜማ ነበር

ልጄ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ ቀጥታ አልጋው ውስጥ ገባ። ምሳም አልበላ። የነገረኝ ማታ ነው። "ቆመህ አንብብ" ተብሎ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲንተባተብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ገና ሁለተኛ ክፍል ነው። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ እንዲሁ ቆሜ ነበር።

ትምህርት የጀመርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። ሀ ሁ ሂን ከእኩዮቼ ሁሉ ቀድሜ ያዝኩ። ዜማ አለዋ! አንዴ የሰማሁት አይጠፋኝም። ሰፈሩ ሁሉ "ጎበዝ ልጅ" አለኝ። ከዚያ አቡጊዳ መጣ። ለማታውቁት፣ አቡጊዳ ማለት ያንኑ ፊደል ተራውን አፋልሶ ማስቆጠር ነው፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ይሄዳል። ልጁ ፊደሉን በዓይኑ ለይቶት ይሁን በዜማ ብቻ ሸምድዶት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። እኔም እዚህ ላይ ተያዝኩ። የኔታ ጭራሮውን ጊ ላይ ሲያሳርፉ፣ ከገ ተነስቼ በልቤ ካላዜምኩ ጊ አትመጣልኝም።

ትምህርት ቤት ስገባ ታላቅ ወንድሜ ማታ ማታ ያነብልኛል፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። ጠዋት ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ዘርግቼ እወጣዋለሁ። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አስተማሪው አንድ ቀን "ከመሃል ጀምሪ" አለኝ። መሃሉ የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም። ጣቴ ገጹ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል አሁንም ይታየኛል። ያን ዕለት "ሰነፍም ውሸታምም ነሽ" ተባልኩ። እናቴ ዓይኗ ይሆናል ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዓይኔ ደህና ነው ተባለ። ጠበልም ሄጃለሁ።

የችግሬን ስም ያወቅኩት ከወለድኩ በኋላ ነው። ዲስሌክሲያ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ። እሱም የዓይን ሐኪም ነበር፤ እናቴ አይፈረድባትም። ዛሬ ግን ዋናው ችግር ዓይን ላይ እንዳልሆነ ይታወቃል። አእምሮ የቃሉን ድምፅ ከፋፍሎ ከፊደሉ ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ላይ ነው። ከስንፍናም ከማሰብ ችሎታም ጋር አይገናኝም። በቤተሰብ ይወረሳል። ይህን የሰማሁ ቀን ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ቁጥር ላይ ሲሆን ዲስካልኩሊያ፣ ጽሕፈት ላይ ሲሆን ዲስግራፊያ ይሉታል። ታናሽ ወንድሜ ማንበብ አይቸግረውም። ግን 100 ብር ሰጥቶ ስንት እንደሚመለስለት እስከ ዛሬ ያስጨንቀዋል። ሱቅ በር ላይ ሰው እንዳያየው ዞር ብሎ በጣቱ ይቆጥራል። ይህን ሳይ አንጀቴ ይላወሳል።

ፊደላችንን እወደዋለሁ፤ ግን ለእንደኛ ዓይነቱ ልጅ ቀላል አይደለም። 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ መልካቸው ለየቅል፣ ድምፃቸው አንድ። ደግሞ ማጥበቅና ማላላቱ አይጻፍም። "ዋና" ሲላላ የውሃው ነው፣ ሲጠብቅ ሌላ ነው። የጎረቤቴ ልጅ የሚማርበት ቁቤ ላይ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል። ልጄ ይህን አይቶ "የኛስ ለምን አይደገምም?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። የተፈጨው ላይ ፍል ውሃ ይጨመርና አራት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ሰበር ሳደርገው ሽታው ይወጣል። የሻገተ፣ አፈር አፈር የሚል፣ በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ሳልቀምሰው አውቀዋለሁ። እዚህ ማንም አይቀድመኝም። የሚጥለኝ ቅጹ ነው። ናሙናዎቹ በቁጥር ነው የሚለዩት፤ አንድ ጊዜ የ619ን ውጤት 691 ላይ ሞላሁ። ቡናው ሳይጫን ተደረሰበት እንጂ ጉድ ነበር። ያን ቀን አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ምን ይሻላል?" አለ። ቀለም አልኩ። አሁን የእያንዳንዱ ናሙና ትሪ፣ ሲኒና ቅጽ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ይለጠፋል። ከዚያ ወዲህ አቀያይሬ አላውቅም። ይህን ጽሑፍም ስልኬ ላይ በአፌ እየተናገርኩ ነው የጻፍኩት፤ ፊደሉን ባለቤቴ አርሞልኛል።

ከልጄ ጋር ማታ ማታ ሩብ ሰዓት እንሠራለን፣ አይበልጥም። ትሪ ላይ አሸዋ አነጥፋለሁ። ድምፁን ጮክ ብሎ እያለ ፊደሉን በጣቱ ይጽፋል። በቀን ሁለት ፊደል ብቻ፣ ያውም ተራውን ሳንጠብቅ። በ እና ሰ ይምታቱበት ነበር፤ አሁን ጣቱ በ ላይ ሲደርስ አናቱን ቀጥ አድርጎ ያሰምራል፣ ሰ ላይ ያጎብጠዋል። ትናንት ራሱ "እማ፣ ይቺ ጣሪያዋ ዝርግ ነው" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ከመምህሩ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ሳያዘጋጁት አስነስተው እንዳያስነብቡት እለምናቸዋለሁ። የሚያነበውን ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩኝ፣ ቤት እንለማመደዋለን። ፈተና ላይ ትንሽ ደቂቃ ይጨምሩለት፤ ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው ከተገኘ ደግሞ በቃሉ ይመልስ። ትሪውንም ይዤ እሄዳለሁ።