ከባናው ስር ያሉት አውራ ዶሮዎች

ነሐሴ ለእኔ የሰማያዊ ወር ነው። ደብረ ብርሃን ጭጋጓን ሳትገፍ የተማሪ ዩኒፎርም ይጎርፋል። ሰማያዊ ጉርድ፣ ሰማያዊ ሱሪ፣ ሰማያዊ ሰደርያ። እንጀራዬ ነውና አልጠላውም። ግን መስከረም ተጋምሶ ልጆቹ ትምህርት ሲጀምሩ ዓይኔን ሌላ ቀለም ይርበዋል። ያኔ አልጋዬ ስር ያለውን ሻንጣ እጎትታለሁ።

ሻንጣው ውስጥ ያለው ጨርቅ ሌላ ልብስ ሰፊ አይቶ የሚያልፈው ዓይነት ነው። ሎሚ የታተመበት ስስ ጥጥ አለ። ብስክሌት የሚነዱ ድመቶች ያሉበት የልጅ አንሶላ አለ። ከልባሽ ተራ ያገኘሁት፣ ከላይ እስከ ታች ባቡር ብቻ የሆነ የወንድ ፒጃማ አለ። ከመጋረጃ ሰፊዎች የለመንኩት የሱፍ አበባ ትርፍራፊም አለ፤ አንዱ አበባ ብቻውን የሕፃን ደረት ይሸፍናል። ነጋዴዎቹ አሁን አሁን ያውቁኛል። ገና ከበር ሲያዩኝ "እህቴ፣ ያንቺ ዓይነት መጥቷል" ይሉኛል። የሚያወጡልኝም ብዙ ጊዜ ከመጣ ጀምሮ መቀስ ያልነካው ጣቃ ነው።

ደስ ስላለኝ ብቻ ግን አልገዛም። ጨርቁን በእጄ ይዤ የአንድ ሰው ፊት ካልመጣብኝ እመልሰዋለሁ። ባቡሮቹን ሳይ የእህቴ ልጅ መጣብኝ። አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ቀላል ባቡሩን ካላሳያችሁኝ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ነው። ሎሚዎቹ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ያለችው የአጎቴ ልጅ ናቸው። ግቢዋ ውስጥ የሎሚ ዛፍ አላት፤ ማንም ሰው ከቤቷ ባዶ እጁን አይወጣም።

ስጦታ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሱቅ ይገባል፤ ለማን ምን እንደሚስማማ የሚያስበው እዚያ ቆሞ ነው። እኔ ከሰውየው ነው የምነሳው። ምን ያስቀዋል? ልጅ እያለ ምን ያሳድድ ነበር? ቤቱ ስትገቡ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ምንድን ነው? ነጭ አንሶላ ለማንም ይሆናል። ባቡር የሞላበት ትራስ ግን የአንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ልጁም ያውቀዋል።

ስለ ጨርቅ አመራረጥ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እሱን ልንገራችሁ። ሻጭን ብትጠይቁ ሁሉም "ጥጥ ነው" ይላችኋል። ስለዚህ ከቦርሳዬ ክብሪት አይጠፋም። አስፈቅጄ ከጠርዙ ጥቂት ክር እመዛለሁ፣ ከሱቅ ወጥቼም አቃጥለዋለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጠጣር ፍሬ ይቀራል። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁለትም ቶሎ ይጠፋል። ለሕፃን ከሆነ ፖሊስተሩን ከገላ አላስነካም። ለቦርሳና ለሽርጥ ግን እወደዋለሁ፤ ቀለሙ አይለቅም፣ ቶሎ ይደርቃል።

ጥጥ መሆኑን ካረጋገጥኩ ሳልቆርጠው አጥበዋለሁ። አቡጀዲ በተለይ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ ላዩና ገበሩ እኩል ስለማይሰበሰቡ ልብሱ ይጎረብጣል፤ ካውያም አያስተካክለውም።

ሥዕል ያለበት ጨርቅ ደግሞ አናትና እግር አለው። ትከሻው ላይ አጥፋችሁ ፊትና ኋላውን በአንድ ላይ ብትቆርጡ፣ ከኋላ ያሉት ድመቶች ሁሉ በጭንቅላታቸው ይቆማሉ። ስለዚህ ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ ቆርጬ ትከሻው ላይ እገጥማለሁ። ጨርቅ ስለሚበዛበት አስበልጬ ነው የምገዛው። ሥዕሉ ትልቅ ከሆነ ስፌቱ በየት እንደሚያልፍ ቀድሜ አያለሁ። የሱፍ አበባ መሃሉን በዚፕ ተሰንጥቆ ማየት አልወድም። መስመሩን የማሰምረው ሊያልቅ በደረሰ ስስ ሳሙና ነው። ከእናቴ የተማርኩት ነው፤ ሲታጠብ ይለቃል።

ከሁሉ የምወደው ግን ኪስ መደበቅ ነው። ግማሹ ድመት ኪሱ ላይ፣ ግማሹ ልብሱ ላይ ሆኖ በልኩ ሲገጥም ኪስ መኖሩ አይታወቅም። ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዴ ከቀሚሱ ይልቅ ኪሱ ያደክመኛል። ልጆች እጃቸው ድመቷ ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚስቁትን ሳቅ ስሰማ ግን ድካሙ ይረሳል።

የእኛ አገር አየር ሰፊን ያሠራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ትበልጣለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ከዚሁ ተነስታችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሹራባችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ነው ከመኪና የምትወርዱት። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ከታጠፋችሁ ደግሞ መሐል ሜዳ አለች፤ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ነፋሷም አጥንት ድረስ የሚዘልቅ። ዘመዶቼ በዚህ ሁሉ ተበትነዋል። የሎሚውን ቀሚስ ያለገበር፣ ያለእጅጌ፣ አየር እንዲያስገባ አድርጌ ለሸዋ ሮቢቷ ሰፋሁ። ሥራው ቀላል ነበር።

ልቤን የያዘው የመሐል ሜዳው ነው።

እዚያ ያለችውን አክስቴን እታለም ነው የምንላት። ዶሮ ታረባለች። ለእያንዳንዱ አውራ ዶሮ ስም ታወጣለች፤ ገበያ ስታወጣውም ለገዢው ስሙን ነግራ ነው የምትሸጠው። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከጥቁር ሌላ ለብሳ አታውቅም። መርካቶ ጨርቅ ተራ፣ ጭራቸውን የነሰነሱ ቀይና ቢጫ አውራ ዶሮዎች የታተሙበትን ጨርቅ ሳይ ፊቷ ወዲያው መጣብኝ። ገዛሁት። ግን እንዴት ትልበሰው? ሐዘን ላይ ያለች የመንዝ ሴት አውራ ዶሮ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። እኔም እንድታፍርበት አልፈልግም።

ጨርቁ ሻንጣው ውስጥ ብዙ ከረመ። መላውን ያገኘሁት ባና ሳስብ ነው። ባና ለማታውቁ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ የበጉ የራሱ ቀለም ነው፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ። ሻካራ ነው፣ ገላን ይወጋል። ብርድ ግን አያሳልፍም። ሱፍ ጤዛ ቢነካው እንኳ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ጥቁር ባና ከላይ፣ ዶሮዎቹ ከውስጥ ገበር ቢሆኑስ? እሷ ታውቃቸዋለች፣ ሌላ ሰው አያያቸውም። ሻካራው ሱፍም ገላዋን አይነካትም።

በገበያ ቀን ጥቁር ባና ፍለጋ ወጣሁ። የሸጡልኝ ሽማግሌ ራሳቸው የሸመኑት ነው።

"ለመኝታ ነው፣ ልጄ?"

"አይ አባባ፣ ቆርጬ ልሰፋው ነው።"

እጃቸውን ባናው ላይ ጫኑ። "ትቆርጪዋለሽ?"

"ሰደርያ ላደርገው ነው። ለአክስቴ። መሐል ሜዳ ነው ያለችው።"

ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያስ በዚህ በኩል ነው የምትቆርጪው" አሉና ድሩ የሚሄድበትን በጣታቸው አሳዩኝ። "እንዳይተረተርብሽ ደግሞ አስቀድመሽ ጠርዙን አጥብቀሽ ያዢው።"

ዋጋም ቀነሱልኝ።

እንዳሉትም አደረግኩ። በሳሙና አሰመርኩ፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በማሽን ሰፋሁ፣ ከዚያ መሃል ለመሃል ቆረጥኩ። ለእንዲህ ያለ ወፍራም ጨርቅ 18 ቁጥር መርፌ ያስፈልጋል፤ በ14 ቁጥር ብትሞክሩ መርፌው ይሰበራል። የስፌቱን እርምጃ አስረዝሙት፣ የላዩን ክር አላሉት፣ አትቸኩሉ። የእኔ ማሽን በእግር የሚረገጥ የድሮ ሲንጀር ነው። ለወፍራም ሥራ አልለውጠውም፤ ከባዱ ቦታ ላይ ስደርስ እግሬን አንስቼ መንኮራኩሩን በእጄ እያዞርኩ አንድ አንድ ጊዜ እወጋለሁ። ትከሻውንና ብብቱን፣ ስፌቱ የሚደራረብበትን፣ በእጅ ነው የጨረስኩት። ቤቱ ለቀናት በግ በግ ሸተተ።

ከውስጥ በኩል ከዶሮዎቹ ጨርቅ ኪስ አበጀሁላት። ብሯን እስከዚያ ድረስ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ነበር የምትቋጥረው። ቁልፎቹን ከቀንድ አደረግኳቸው፤ ጥቁር ላይ ፕላስቲክ አላማረኝም።

በገና ሰሞን ይዤላት ሄድኩ። ለበሰችው፣ ደረቷን ዳሰሰችው። "ባና ነው! ባናን እንዲህ የሚሰፋ አለ?" አለች። ገበሩን ገና አላየችም።

"ክፈቺው እስቲ፣ እታለም።"

ከፈተችው። ዝም አለች። ከዚያ አንዱን ዶሮ በጣቷ እየነካች "አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ቁርጥ ደማሜን ነው!" አለች። ደማሜ ባለፈው እንቁጣጣሽ የሸጠችው አውራ ነው። ከዚያማ ሌሎቹንም በየስማቸው ትጠራቸው ጀመር።

ቡና ሲፈላ ጎረቤቶቿ መጡ። አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው ተሰማ መሰለኝ አንዷ "ክፈቺው እስቲ፣ እኛም እንይ" አለቻት። እታለም ወደ በሩ አየት አደረገችና ከፈተችው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷም አብራ ሳቀች፣ መልሳም ቆለፈችው።

ከዚያ ወዲህ ባናን ለመኝታ ብቻ መተው አይዋጥልኝም። ቀላልና ርካሽ የፋብሪካ ብርድ ልብስ በየሱቁ አለ፤ ሰው እሱን ቢገዛ አልፈርድም። የእኛዋ ደብረ ብርሃን ራሷ የታወቀችው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነው። ግን ለሌሊት ካልተፈለገ ባናው ለቀን መሆን ይችላል። ሰደርያ፣ ኮፍያ፣ ቦርሳ፣ የወንበር ትራስ ይወጣዋል። "ባና አይቆረጥም" የሚሉኝ አሉ። አያቶቻችን ከጥቁር ሱፍ በርኖስ አሰፍተው ለብሰዋል፤ ሱፍ መቁረጥና መስፋት ለሸዋ እንግዳ አይደለም። ቆርጦ የሚሰፋ ሰው ሲበዛ እኒያ ሽማግሌ ለሚሸምኑት ገበያ ያገኛሉ። ከምር ነው የምለው፣ ልብስ ስፌት የምትችሉ ልጆች ሞክሩት። ስታጥቡት ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳታሹ። በሙቅ ውሃ ከታሸ ሱፍ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኮማተራል፣ ወደ ልኩም አይመለስም።

ትርፍራፊም አይጣልም። አራስ ልጠይቅ ስሄድ የምይዘው ከዚያ የሚወጣ ነው፤ በአንድ ወገን ፎጣ፣ በሌላው ድመት የሆነ የለሃጭ መጥረጊያ። ለክርስትና ጊዜ አለኝ፤ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁርጥራጩን ገጣጥሜ፣ መሃሉ ያረጀ ብርድ ልብስ ከትቼ የሕፃን መጠቅለያ አደርሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ይሄን ስታይ ከፍቷት ነበር። "ለሰው ልጅ ድሪቶ ልታለብሺ ነው?" አለችኝ። ገባኝ። እሷ ልጅ እያለች ተደርቶ የሚለበሰው ሌላ ስለሌለ ነው፤ የፊኖ ዱቄት ከረጢት ታጥቦ ቁምጣ ሆኖላቸዋል። አልተከራከርኳትም። ቁርጥራጮቹን ዘርግቼ "እማዬ፣ እስቲ አንቺ ደርድሪያቸው" አልኳት። ቀዩን ከቢጫው፣ ባቡሩን ከሎሚው እያስማማች አመሸች። አሁን የሕፃን መጠቅለያ ስሠራ ቀለሙን የምትደረድረው እሷ ናት፤ ከእኔ የተሻለ ዓይን አላት። እኔ መስፋት ብቻ ነው።

አሁን ማሽኑ ላይ ያለው የባቡሩ ፒጃማ ነው። ሱሪው ለእህቴ ልጅ ትራስና ቦርሳ ይወጣዋል፣ ሸሚዙን ለራሱ አሳጥርለታለሁ። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት እታለም ቤት "ክፈቺው" ያለችው ጎረቤት ልሰናበት ስል እጄን ይዛ "ለእኔስ?" አለችኝ። እሷ ፍየል ነው የምታረባው። መርካቶንም የእኛን ገበያም አሰስኩ። ዝሆን አለ፣ ዳይኖሰር አለ፣ ፔንግዊን እንኳ አለ። ፍየል ግን የለም። ቀንዷ በደንብ የሚታይ ፍየል የታተመበት ጥጥ ያያችሁ ካላችሁ የት እንዳያችሁት ጻፉልኝ። ሁለት ሜትር ይበቃኛል፤ ባናውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።