ስም ያለበት ሜዳይ፣ ስም ያለበት ክታብ

ለንደን ውስጥ የጦር ሜዳዮችን በጨረታ በሚሸጥ ቤት ካታሎግ አዘጋጅ ነኝ። ይህን የምጽፈው ነገሩ ካለፈ በኋላም ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ዕቃውን ለሽያጭ የላኩት አንዲት አረጋዊት ናቸው። የአቢሲኒያ ዘመቻ ሜዳይ ነበር፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ጄኔራል ናፒየርን ልካ ዐፄ ቴዎድሮስን ለወጋችበት ለእ.ኤ.አ. 1867–68ቱ ዘመቻ የተሰጠው። ከሜዳዩ ጋር ቆዳ የለበሰ የብራና ጥቅል አብሮ መጣ።

የብሪታኒያ ሜዳይ የሚሰበስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን አያይም፣ ጠርዙን ነው የሚያየው። የተሸላሚው ስምና ክፍል የሚቀረጸው እዚያ ነው። የአቢሲኒያው ግን ለብቻው ነው። ከፊቱ የንግሥቲቱን ምስል ዘጠኝ ጨረር ያለው ኮከብ ከቦታል፤ በጨረሮቹ መካከል የአገሪቱ ስም ዘጠኝ የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ በአንድ ተቀምጠዋል። ከጀርባው ደግሞ በሎረል ቅጠል ጉንጉን መሃል የሰውዬው ስም ከብሩ ወጣ ብሎ ታትሟል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ወጪ አስወጥቷል። ጣት ሲያልፍበት ፊደሉ ይሰማል። ባለቤቶቹ ደጋግመው ከወለወሉት ግን መጀመሪያ የሚጠፋው ያው ስም ነው። የእኛኛው አልተወለወለም። ጥቁረቱ እንዳለ ነው፣ ስሙም ጥርት ብሎ ይነበባል፤ የድራያድ መርከብ ባሕረኛ።

አለቃዬ ሲያየው ደስ አለው። ከተሰጡት 14,000 ገደማ ሜዳዮች ለባሕር ኃይሉ የደረሱት 2,000 ገደማ ናቸው። ከባሕረኞቹ አብዛኞቹ ቀይ ባሕር ጠረፍ ዙላ ላይ መርከባቸውን ጠብቀው ቀሩ። ወደ ደጋው የወጣው ሮኬት ተኳሹ ጓድ መቶ ገደማ ሰው ብቻ ነው፤ ከመቅደላ በታች እሮጌ ላይም መቅደላ ላይም የተኮሰው እሱ ነው። ሰብሳቢ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ለዚያ መቶ ሰው ነው። የእኛ ባሕረኛ ከነሱ አንዱ መሆኑን ግን የሚያሳይ ወረቀት አላገኘንም።

«ጥቅሉ ያስረዳል» አለኝ አለቃዬ። «ጠረፍ ላይ የቀረ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? መቅደላ ድረስ ወጥቷል ማለት ነው። አንድ ላይ በአንድ ቁጥር ይሸጡ። አንተ ደግሞ ታነበዋለህ፣ ግሩም መግለጫ ጻፍለት።»

አነበብኩት። ክታብ ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ሰው አይቸግረውም። ከላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የተሳሉ ትልልቅ ዓይኖች አሉ፤ ከሥራቸው ጸሎተ ሱስንዮስ። ሕፃናትን ትገድላለች ስለምትባለው ስለ ወርዝልያ የሚናገረው፣ ሕፃን የሞተባት ወይም ይሞትብኛል ብላ የምትፈራ እናት በአንገቷ የምታስረው ጸሎት ነው። ጸሎቱ ባለቀ ቁጥር «ዕቀባ ለአመትከ»፣ አገልጋይህን ጠብቃት፣ ይልና ቀጥሎ በቀይ ቀለም በ«ወለተ» የሚጀምር የክርስትና ስም ይከተላል። ስሙ ከጥቅሉ ጫፍ እስከ ጫፍ በየክፍሉ ተደጋግሟል። አልተፋቀም፣ በላዩ ሌላ ስም አልተጻፈም። የቆዳው ማሰሪያ ክር ባለበት በኩል በላብ ጠቁሯል። ከንጉሥ ግምጃ ቤትም ከመቅደላው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም የወጣ አይደለም። ከሴት አንገት ነው የመጣው።

ተመልሼ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«ሜዳዩ የማን ነው?» አልኩት።

የባሕረኛውን ስም ነገረኝ።

«ስሙ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ቢቀረጽበትስ?»

«ተበላሸ ማለት ነው። ብሩን ነው የምንሸጠው።»

«ለምን?»

«ምን ማለትህ ነው? ሜዳይ ማለት ሰውየው ነው!»

ክታቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ቀዩን ስም በጣቴ አሳየሁት። «ይኸውልህ፣ ይሄም ስም አለው። ሰባት ቦታ ላይ ተጽፏል። የሷ ነው።»

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ሰውየው በደላንታው ጨረታ ላይ በሕግ ገዝቶት ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። እውነት ነው፣ መቅደላ ከወደቀች በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ደላንታ ሜዳ ላይ አውጥቶ ሸጧል፤ ገቢውም ለወታደሮቹ ተከፋፍሏል። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስም እዚያው ነበር፣ ገዝቷል። ግን ሻጩ ማን ነበር? ይህን ስጠይቀው ለጥያቄዬ መልስ አልሰጠኝም። ያለኝ ይህን ነው፤

«እሷን የሚጠይቅ የለም እኮ።»

ከሆዴ ያልወጣው ይህ ቃል ነው። ምክንያቱም ባሕረኛውንም የሚጠይቅ አልነበረም። ሜዳዩ እኛ ጋ እስኪመጣ ድረስ ስሙን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያሉት አረጋዊት ብቻ ነበሩ። የጠየቅነው እኛ ነን! ኪው ወዳለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄደን የባሕር ኃይሉን የሜዳይ መዝገብ ገለበጥን፣ የቆጠራ ወረቀት አየን፣ የተጠመቀበትን ደብር ፈለግን፤ አባቱ ምን ሠርቶ ይኖር እንደነበር ሳይቀር ጻፍን። ይህ የሙያችን ክብር ነው፣ እኔም የምወደው ለዚህ ነው። ማንም ያላስታወሰውን ተራ ሰው ከአንድ የብር ሳንቲም ተነስተን ስሙንና ቀዬውን እንመልስለታለን። ታዲያ በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሜዳዩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ስሟ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሴት ስትገኝ ለሷ የሚደርሳት ሥራ የባሕረኛው ምስክር መሆን ብቻ ነው? ልጇን አደራ ያለችበት ጸሎት እሱ መቅደላ መውጣቱን ለማስረዳት ይሸጥ?

መግለጫውን እንደማልጽፍ ነገርኩት። ለላኪዋም ክታቡ ምን እንደሚል ሳይነገራቸው ጨረታ መግባት እንደሌለበት አጥብቄ ተናገርኩ። እዚህ ላይ ሕጉ ከኔ ጋር ነበር፤ ለሻጭ የዕቃውን ምንነት መንገር ግዴታችን ነው። ደውል አለኝ፣ ደወልኩ።

አረጋዊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቤታቸው ውስጥ «የቅድመ አያታችን የአፍሪካ መጽሐፍ» እየተባለ ሲቀመጥ ነው የኖረው። ምን እንደሆነ ያነበበላቸው ሰው አልነበረም። ስጨርስ ስለ ዋጋ አልጠየቁኝም።

«ልጆቿ አደጉላት?» አሉ።

ይህን ከክታቡ ማወቅ እንደማይቻል ነገርኳቸው። ክታቡን ከጨረታው አወጡት።

ሜዳዩ ብቻውን ተሸጠ። በመግለጫው ላይ የድራያድ ባሕረኛ መሆኑን እንጂ ከሮኬት ጓዱ ጋር መውጣቱን አልጻፍንም፤ ማስረጃ የለንማ። ዋጋው አለቃዬ ከጠበቀው በታች ሆነ፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። አሁን አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች ከመቅደላ የመጣ ነገር ከሜዳይ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይሸጥ ሲያስተምር እሰማዋለሁ። ከየት እንዳመጣው አይናገርም፤ መመሪያው ግን ጸንቷል፣ እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

ክታቡ እስካሁን በአረጋዊቷ እጅ ነው። የብሪታኒያ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የቴዎድሮስን ጸጉር በእ.ኤ.አ. 2019 እንደመለሰ ነገርኳቸው፤ አዲስ አበባ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ጠቁሜያቸዋለሁ። ልጆቻቸውን እያማከሩ ነው። አልቸኩልባቸውም፣ በየወሩ ግን እደውላለሁ።

እኔ ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ የቤታችንን የድሮ ካታሎጎች እያገላበጥኩ ነው። «ከመቅደላ ትዝታ ጋር» ተብለው የተሸጡ የአቢሲኒያ ሜዳዮች አሉ። ፎቶ ካላቸው አጉልቼ የግዕዙን ጽሑፍ አነባለሁ፤ ስም ሲገኝ ከገዢው ቁጥር ጋር እመዘግባለሁ። ብዙዎቹ ፎቶዎች ደብዛዛ ናቸው። በጉልህ ያነበብኳቸውን ስሞች ግን ከባሕረኞቹና ከወታደሮቹ ስም ጎን፣ በዚያው መዝገብ፣ በዚያው የፊደል መጠን ነው የማስገባቸው።