ኤል ታየ ማለት ዲም ይታያል ማለት አይደለም

ሐዋሳ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ። አንዱ ጌጠኛ ፊደል በኮምፒውተር ስለታየ ሌላውም ይታያል ማለት እንዳልሆነ ባለፈው ዓመት የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ 62 ተማሪዎች በተቆረጠ ጥያቄ ፊት ግራ ተጋብተው አይቀመጡም ነበር።

ፈተናው ስለ ላፕላስ ትራንስፎርም፣ ማለትም አንድን ፈንክሽን ወደ ሌላ ፈንክሽን ስለሚቀይር የሒሳብ ስልት ነበር። መጻሕፍት ትራንስፎርሙን በተጠማዘዘው ኤል፣ የፉሪዬርን ደግሞ በተጠማዘዘው ኤፍ ይጽፋሉ። እኔም ሰሌዳ ላይ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ተማሪው ፈንክሽኑን ከትራንስፎርሙ በዓይኑ እንዲለይ። ፈተናው በኮምፒውተር ሲሆን ፊደላቱን ያገኘሁት ወጣቶች የቴሌግራም ስማቸውን ከሚያስጌጡበት ገጽ ነው። ገልብጬ ለጠፍኩ። ኤል ታየ፣ ኤፍም ታየ። ሁለቱን አይቼ የቀሩትን ሳላረጋግጥ አስገባሁ። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

7ኛው ጥያቄ «ፈንክሽኑ በስብስብ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያበቃል። የስብስቡ ስም የነበረው የተጠማዘዘው ዲ የለም። ከዲ በኋላ የነበሩት ሁለት መስመሮችም የሉም።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ «መምህር፣ ፎንት ስላልጫኑ ነው» አሉኝ። ጫንኩ፤ ምንም አልተለወጠም። በማግስቱ «ቫይረስ ይሆናል» ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «አማርኛና ሒሳብ ስለቀላቀሉ ነው» የሚል መልስ መጣ። ያንገበገበኝ ይህኛው ነው፤ የአማርኛው ጽሑፍ እስከ ዲ ድረስ አንድም ፊደል ሳይጎድለው ተቀምጦ ነበርና። ደግሞስ ፎንት ሲጎድል ባዶ ሳጥን ይታያል እንጂ ተከትሎ ያለው ጽሑፍ እንዴት ይጠፋል? ይህን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

ምክንያቱን ያገኘሁት ራሴ ነው። ተጠማዛዦቹ ፊደላት ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ አንድ ቦታ አልተቀመጡም። ከትላልቆቹ መካከል ቢ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤች፣ አይ፣ ኤል፣ ኤም እና አር ቀድመው ስለገቡ በድሮው ስፍራቸው ቀሩ። የቀሩት እ.ኤ.አ. በ2001 በ3.1 እትም ሲገቡ ከ65535 በላይ የሆነ ቁጥር ተሰጣቸው። ኮምፒውተር እነዚህን ቁጥሮች በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ስልት የግዕዝ ፊደልም ሆነ ያ ኤል 3 ባይት (የማከማቻ መለኪያ ነው) ይበቃቸዋል፤ ዲ ግን 4 ባይት ይፈልጋል። ፈተናው የሚቀመጥበት የኮሌጁ የመረጃ ቋት ማይኤስኪውኤል ነው፤ በዚያ ላይ «ዩቲኤፍ-8» ተብሎ የሚጠራው አሮጌ ቅንብር ለአንድ ፊደል ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም። ጥብቅ ማረጋገጫው ካልተከፈተ አራተኛውን ባይት የሚፈልግ ፊደል ሲመጣ ጽሑፉን እዚያው ቆርጦ የቀረውን ይጥላል። ባለ 4 ባይቱ ቅንብር ከማይኤስኪውኤል 5.5 እትም ጀምሮ አለ፤ የሚቀይረው ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ፊደላቱን በቁጥር ለመጻፍም ሞክሬ ነበር። ኤ 119964 ስለሆነ ቢ 119965 ይሆናል ብዬ ቆጠርኩ። ባዶ ሳጥን ወጣ። ቢ በድሮው ስፍራው ስለቀረ ያ ቦታ ክፍት ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ያጠፋሁት በዚህ ነው።

ዩኒኮድ እነዚህን ፊደላት ያስገባው ለሒሳብ ትርጉም መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ለባልደረቦቼ የምመክረው ሌላ ነው። በዎርድ ወይም በላቴክ (የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው) ለሚታተም ወረቀት በቀመር መጻፊያው ተጠቀሙ። በፈተና ገጽ ላይ ግን ተራውን ዲ ጻፉና «እዚህ ዲ የፈንክሽኑ ዶሜን (የሚቀበላቸው እሴቶች ስብስብ) ነው» በሉ። ተራው ፊደል ሲፈለግ ይገኛል፤ ለማየት የተቸገረ ተማሪ የሚጠቀምበት የንባብ ፕሮግራምም ያነበዋል፤ የተጠማዘዘውን የሚዘልል ፕሮግራም አለ።

የ7ኛው ጥያቄ ነጥብ ለሁሉም እንዲሰጥ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ተሰጠ።

አሁን ፈተና ከማስገባቴ በፊት በባዶ ጥያቄ ላይ የተጠማዘዘ ዲ እለጥፍና ከጎኑ «ሐዋሳ» ብዬ እጽፋለሁ። አስቀምጬ እዘጋዋለሁ። መልሼ ስከፍተው «ሐዋሳ» ከሌለ፣ በዚያ ገጽ ላይ ጌጠኛ ፊደል አላስገባም።