የጦሳ ዙሪያ፦ ጉልበት የሚፈተነው ቁልቁለቱ ላይ ነው

ደሴ ውስጥ ሆኖ የጦሳን ተራራ የማያይ የለም። ከየትኛውም ሰፈር ቀና ሲሉ ምዕራቡን ዘግቶ ቆሟል። አብዛኞቻችን ግን የምናውቀው በአንድ በኩል ነው፤ ወጥተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ በወጣንበት እንወርዳለን። እኔ ከክረምቱ መውጣት ወዲህ የያዝኩት ዙሪያውን ነው። ከከተማው የቦርከናን ወንዝ ይዞ ሽቅብ ወደ ቦሩ ሜዳ አቅጣጫ፣ ከዚያ በሰሜን በኩል ወደ ላይ፣ ደጋውን ወደ ደቡብ አቋርጦ፣ በመጨረሻ በከተማው ፊት ለፊት ባለው ተዳፋት መውረድ። ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ከደሴ ሳይርቁ የሚገኝ ከዚህ የተሻለ የእግር ጉዞ አላውቅም።

መጀመሪያ ስለ ሰዓት። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስካሁን ይሠራበታል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዝ፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምር ይላል። ለእኛ አገር ግን እንዳለ አይሆንም። የስኮትላንድ ከፍተኛው ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ፒያሳ ቡና የሚጠጣ ሰው ከዚያ ተራራ ጫፍ በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። 3,000 ሜትር ገደማ ስንደርስ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በስሌቱ ላይ ሲሶ እጨምራለሁ። እስካሁን አላሳፈረኝም።

ጉዞው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጀመር። ቦርከና ከከተማው በስተሰሜን ተነስቶ፣ ደሴን ሰንጥቆ፣ በዶሮ መዝለያ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ክፍል ያሳዝናል። የየሰፈሩ ፍሳሽና ፌስታል የሚጣልበት ሆኗል፤ ውሃው እጅ ለመታጠብ እንኳ አይሆንም። ወደ ላይ እየራቅን ስንሄድ ግን ይጠራል፣ ዳርና ዳሩም ሣርና ባህር ዛፍ ይሆናል። እዚህ ጋ መንገዱ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው በድንጋይ እየተረገጠ ይሻገራል። የወንዙ ድንጋይ ጥቁር ባልጩት መሳይ ነው፤ አናቱ ደርቆ አመድማ የሆነውን ረግጦ ማለፍ ይቻላል፣ የሚያብለጨልጨውን ግን እግር አይያዘውም። ዱላውን ከታች በኩል ሳይሆን ውሃው ከሚመጣበት በኩል ተክሎ ወንዙን ፊት ለፊት እያዩ መሻገር ይሻላል። ከሁሉ በላይ ቀለሙን ማየት ነው። ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ደፍርሶ ገለባና ቅጠል መሸከም ከጀመረ፣ ላይ ቤት ዘንቧል፤ ጎርፉ እየመጣ ነውና ከወንዙ መውጣት ነው።

ቦሩ ሜዳ አካባቢ ሲደረስ እረፍት እናደርጋለን። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊትና መኳንንት ከነፈረሱና ከነድንኳኑ እንዴት እንደሰፈረ ቦታውን ላየ ሰው ይገባዋል። በሶ የምንበጠብጠውም እዚሁ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሽቅብ ስለሆነ ከባድ ምግብ አይመከርም።

ስለ ዳገቱ ብዙ አልልም። እያወሩ መሄድ የሚያስችል ፍጥነት ትክክለኛው ፍጥነት ነው። ወሬ ከቆመ እርምጃ ይቀነስ፣ በቃ።

ደጋው ሌላ ዓለም ነው። ነፋሱ አይቆምም፤ ከታች በሸሚዝ የመጣ ሰው እዚህ ጋቢ ይመኛል። የገብስና የባቄላ ማሳ፣ በመሃሉ የግጦሽ ሣር፣ አልፎ አልፎ የጥድ አጥር ያለው ግቢ። በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። መሬቱ ዝናብ ሲነካው ጫማ ሥር እየተደራረበ የሚከብድ ዋልካ ስለሆነ ከማሳው ይልቅ ድንጋያማውን ይዞ መሄድ ያዋጣል። ቡቃያ እንዳይረገጥ፣ እርከንም ላይ እንዳይኬድ አደራ፤ ገበሬው በእጁ የካበው ነው። የእረኛ ውሻ ሲመጣ አለመሮጥ፣ ቆሞ ባለቤቱን መጥራት። ሰላምታም አይቅር። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ የጀመረም «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ የጀመረም እኩል ይስተናገዳል፤ ወሎ ነው።

ከቀትር በኋላ የሚያሰጋው ጉሙ ነው። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ በደቂቃዎች ውስጥ አሥር እርምጃ ፊት ያለው ሰው ይጠፋል። 8 ሰዓት ሳይሞላ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ መድረስ ያለብን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ናይስሚዝ ለቁልቁለት ምንም ሰዓት አልጨመረም፤ ይህን ዙሪያ የሚወስነው ግን ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የጭናችን የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችንን የሚይዘው። እየተለጠጠ የሚሠራ ጡንቻ ከሚኮማተረው ይልቅ ይጎዳል፤ ሕመሙም ዕለቱን ሳይሆን በማግስቱና በሠልስቱ ነው የሚብሰው። ደግነቱ ጡንቻ ይማራል። አንድ ጊዜ በልኩ የወረደ እግር ከሳምንት በኋላ ያንኑ ሲደግም ጉዳቱ በግልጽ ይቀንሳል። እኔ ላይ ያየሁትም ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ ሰሞን ታች ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ዛሬ በደህና እርምጃ ሰፈሬ እገባለሁ። ያመጣው ሳምንታዊው ልምምድ ነው። ሰፈራችን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ሌላ ቦታ አያስፈልግም፤ ሽቅቡን እንደ ልብ፣ ቁልቁሉን ግን በጣም ቀስ ብሎ፣ ጉልበትን በትንሹ አጥፎ፣ እግር ሳያስጮኹ።

አወራረዱን ያሳዩኝ እንጨት ተሸክመው በዚያው ተዳፋት የሚወርዱ እናት ናቸው። እርምጃቸው አጭር ነው፤ ተረከዛቸውን አይወረውሩም፣ ሙሉ እግራቸውን ያሳርፋሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አድርገው እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። ኋላ መቅረቴን አይተው «አብሽር ልጄ፣ አትቸኩል፤ እግርህ ከረገጠ በኋላ ነው ሌላውን የምታነሣው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የምወርደው እንደሳቸው ነው።

ደሴ ዙሪያ መሬት የሚንሸራተትበት አገር መሆኑንም አንርሳ። ከክረምት በኋላ አፈሩ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ የባህር ዛፎች ግንድ ወደ አንድ ወገን ከተጋደመ፣ የአምናው መንገድ የዘንድሮ መንገድ አይደለም፤ ዞር ማለት ነው።

ዙሪያውን በተቃራኒው እንሂድ የሚሉ ጓደኞች አሉ። ገደላማውን በጠዋት ጉልበት መውጣት፣ በሰሜኑ ረጋ ባለው መውረድ። በበጋ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ዝናብ ባልለቀቀበት ወቅት ግን አልስማማም፤ ዝናቡ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ወንዙ ጋ የምንደርሰው ጎርፍ በሚያሰጋበት ሰዓት ይሆናል። ወንዝ በጠዋት፣ ገደል በቀን ብርሃን።

ቀጣዩ ሐሳቤ ከኮምቦልቻ ተነስቶ የየጎፍን ደን መዞር ነው። መነሻው 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ጫፉ ወደ 3,000 የሚጠጋ፤ ከጦሳ ሽቅብ በእጥፍ ይበልጣል፣ ቁልቁለቱም እንደዚያው። ለኅዳር እናስበው። እስከዚያ በየእሑዱ ጠዋት የቁልቁለት ልምምድ አለን፤ የሚመጣ ሰው ዱላና ጥሩ ጫማ ይያዝ፣ ውሃ ከሁለት ሊትር እንዳያንስ።