አንዴ ብቻ ለሚሰማ ጆሮ

በከተማው የግጥም ፌስቲቫል ላይ እንዳነብ ስጋበዝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ሰዓቱ ነበር። «7 ደቂቃ አለሽ» ተባልኩ። ግጥም የሚጽፍ ሰው 7 ደቂቃ ሲባል «ምን ሊበቃኝ!» ይላል። ግን ይበቃል። አሜሪካዊው ገጣሚ ማርክ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቺካጎ ውስጥ የጀመረው የግጥም ስላም ውድድር ለአንድ ግጥም የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ የሄደ ነጥብ ይቀነስበታል። ዳኞቹ ደግሞ ከታዳሚው መሀል የሚመረጡ ሰዎች ናቸው። ይሄ ደንብ ደስ ይለኛል። ገጣሚው ማሸነፍ ያለበት ሊሰማው የመጣውን ሰው እንጂ ሐያሲን አይደለም።

ስለዚህ 7ቱን ደቂቃ በሙሉ በግጥም አልሞላሁም። 5 ደቂቃ የሚሆን ብቻ አዘጋጀሁ። የቀረው ወደ መድረኩ ለመውጣት፣ ለጭብጨባ፣ ውሃ ለመጎንጨት ነው። ሰዓት ይዤ የለካሁትም በለሆሳስ እያነበብኩ አይደለም። ቆሜ፣ በሙሉ ድምፅ ነው። በለሆሳስ ሲነበብ ሁሉም ግጥም አጭር ነው።

ምርጫው ላይ ብዙ ቆየሁ። መጽሐፍ የያዘ ሰው ያልገባውን ስንኝ ተመልሶ ያየዋል። አድማጭ ግን ካመለጠው አመለጠው። እንደገና በይልኝ አይልም፤ ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ግጥሞቼን ለአንዲት ጓደኛዬ ወረቀት ሳልሰጣት አነበብኩላት። «ወደድሽው?» ብዬ አልጠየቅኳትም። የጓደኛ መልስ «አሪፍ ነው» ነው፣ አሪፍ ነው ደግሞ ለሥራ አይሆንም። «ምን ሰማሽ? በራስሽ ቋንቋ ንገሪኝ» አልኳት። ስትነግረኝ የት ቦታ እንደጠፋች ወዲያው ታወቀኝ። በጣም የምወዳቸው ሁለት ግጥሞች እዚያው ወደቁ። ግጥም ሆነው አንሰው አይደለም፤ የዓይን ግጥሞች ስለሆኑ ነው።

አንዱ ላይ ግን እጄን አልሰጠሁም። ስለ እናት ነው፣ የመጨረሻው ስንኝ እንዲህ ይላል፦

በሩን አትዝጉት እናቴ አለች

«ለ»ን ካላላሁት፣ በሩን እንዳንዘጋ ያዘዘችን እናቴ ናት። ካጠበቅሁት ግን እናቴ በሕይወት አለች፣ በሩን አትዝጉባት ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። አፍ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ኅብረ ቃል፣ ሁለት ፍቺ የያዘ ቃል፣ በተለይ እንዲህ ያለው፣ ድምፅ ሲነካው ግማሹ ይሞታል። ጓደኛዬ «ስንኙን ቀይሪው» አለችኝ። መድረክ መሪው ደግሞ ሲሰማ «ከማንበብሽ በፊት ለምን አታስረጂም?» አለ። ተርጉሞ ማንበብ አልፈለግኩም። ፍቺው ቀድሞ ከተነገረ ምን ሊሰሙ ይመጣሉ?

በመጨረሻ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አላልቼ፣ እንደ ተራ ወሬ ቶሎ ብዬ። ዝም አልኩ፣ በልቤ እስከ ሦስት ቆጠርኩ። ከዚያ አጥብቄ፣ ቀስ ብዬ። አዳራሹ መጀመሪያ ጭጭ አለ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት «ኧረ!» ሲሉ ነው ጭብጨባው የተከተለው። መድረክ ላይ ዝም ማለት የሚያስፈራ ነገር ነው፣ ለሚያነበው ሰው በጣም ረጅም ይመስለዋል። ለአድማጩ ግን አጭር ነው፤ ስንኙን የሚያላምጠው ያኔ ነው።

ምጣኔውም የራሱ ጣጣ አለው። በወል ቤት የተጻፈ ግጥም ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ይዞ ይሄዳል። ለአፍ ይመቻል። ግን ሦስት የወል ቤት ግጥም በተከታታይ ሲነበብ ሰው ትርጉሙን ትቶ ዜማውን መከተል ይጀምራል፤ ራሱን ሲወዘውዝ ታየዋለህ። ስለዚህ ከወል ቤቱ ቀጥዬ ሰንጎ መገን፣ አምስት አምስቱን፣ አስገባሁ። መሀል ላይ ደግሞ ቤት የማይመታ አጭር ግጥም። ቤት ሲመታ ድምፅን ከፍ አድርጎ መጨረሻውን መርገጥም ቶሎ ይሰለቻል። እኔ አረፍተ ነገሩ ያላለቀበትን ስንኝ አልሰብረውም፣ ትንፋሼን ይዤ ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ። የምተነፍስበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰምሬያለሁ።

ወረቀቱን ካነሳሁ አይቀር፦ ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ በአንድ ገጽ ብቻ ይታተም፣ በስቴፕለር አይያያዝ። የሚገለበጥ ወረቀት ማይክ ላይ ሲንኳኳ ዝናብ ይመስላል። ከስልክ ማንበብ አልወድም። ስክሪኑ ይጨልማል፣ ጣት ይነካዋል፣ መልእክት ይገባል።

በቃል ይሁን በንባብ የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። በቃሉ የያዘ ሰው ዓይኑ ነፃ ነው፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንዳንዱ በቃሉ ሲል ፊቱ ላይ የሚታየው ግጥሙ ሳይሆን የማስታወስ ትግሉ ነው። እኔ መግቢያውንና መዝጊያውን በቃሌ ያዝኩ፣ መሀሉን አነበብኩ።

ሳውንድ ቼክ ላይ አብዛኛው ሰው «ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ብሎ ይወርዳል። ይሄ ለግጥም አይሆንም። «ፐ»ና «በ» አየር ገፍተው ማይኩን ያስጮሁታል፤ «ጠ»ና «ጨ» ደግሞ ይፈነዳሉ። እነዚህ የበዙበትን ስንኝ መርጬ ለድምፅ ባለሙያው አነበብኩለት። ባለሙያው ማይኩን ከአፌ ፊት ወደ ጎን ትንሽ አዞረልኝ፣ አራት ጣት ያህል ራቅ አደረገው። በቃ፣ ተስተካከለ። ከተጠጋሁ ድምፄ ይወፍራል፣ ከራቅሁ ይሳሳል፤ ስለዚህ በስሜት ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዙን ተውኩት።

ከእኔ በኋላ የወጣው እንግዳ ገጣሚ ያነበበው በማላውቀው ቋንቋ ነው። ትርጉሙ ቀጥሎ በሌላ ሰው ተነበበ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ኮሎምቢያ ውስጥ የሚካሄደው የሜደሊን የግጥም ፌስቲቫልም የውጭ ገጣሚዎችን እንዲሁ በራሳቸው ቋንቋ ያስነብባል፣ ስፓኒሹ ይከተላል። የእንግዳው ቃል ምንም ሳይገባኝ የት ላይ እንደተቆጣ፣ የት ላይ እንዳሾፈ ሰማሁ። ትርጉሙ ሲመጣ ብዙም አልተሳሳትኩም። ለድምፅ ያለኝን ንቀት ያ ሰው ቀንሶልኛል።

ሁለት ድምፅ አንድ ስንኝ ሊይዝ እንደሚችልም ያሰብኩት እሱን ስሰማ ነው። በሚቀጥለው ፌስቲቫል የእናቴን ግጥም ከጓደኛዬ ጋር አብረን ልናነበው ነው። የመጨረሻውን ስንኝ እሷ ታላላለች፣ እኔ አጠብቃለሁ፣ እኩል።