ማካሃ ላይ ሰርፊንግ እንዴት እንደለመድኩ፣ ሻርክ ሲመጣስ ምን እንዳደረግን

ሰው ሃዋይ እንዳደግኩ ሲሰማ መጀመሪያ ሚጠይቀኝ ስለ ሻርክ ነው። አይተህ ታውቃለህ? አትፈራም ነበር? አዎ አይቻለሁ፣ አዎ እፈራ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ። ግን እየፈሩም ልብን አረጋግቶ ባህር ውስጥ መቆየት ይቻላል፣ ይህን ያስተማሩኝ የሃዋይ ልጆች ናቸው፣ ዛሬ ስለነሱ ልፃፍ ብዬ ነው።

እናቴ ዋይኪኪ በሚባለው የቱሪስት ሰፈር ሆቴል ውስጥ ክፍል በማፅዳት ነበር የምትሰራው፣ ኪራይ ቀነስ የሚለው ደግሞ በኦዋሁ ደሴት ምዕራብ በኩል ስለሆነ ዋይአናይ ገባን፣ ከሥራዋ በባስ በጣም ሩቅ ነው፣ ሌሊት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። ጊዜው በፈረንጆቹ 90ዎቹ ነው፣ እኔ ገና ጉርምስና ልጀምር ስል። ዋይአናይ የሃዋይ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩበት አካባቢ ነው፣ መንገዱ አንድ ነው፣ ፋሪንግተን ሀይዌይ ይባላል፣ በአንድ በኩል ደረቅ ተራራ በሌላ በኩል ባህር። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ባህር የማውቀው በቲቪ ነው፣ ዋናም አልችልም። የጎረቤት ልጆች ግን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ወርውረው ቀጥታ ውሃ ነው የሚገቡት፣ እኔ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን ጓደኛዬ የሆነው የጎረቤት ልጅ ታላቅ እህት መጥታ "ነገ ቁምጣ ለብሰህ ና" አለችኝ፣ በቃ እንደዛ ተጀመረ።

ሰርፊንግ ማለት ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ ነው፣ ሰሌዳውን ቦርድ ይሉታል። ቦርድ ግን አልሰጡኝም። መጀመሪያ በባዶ ሰውነት ነው የምትለምደው አሉ። ማካሃን፣ እዛው ዋይአናይ አጠገብ ያለውን የባህር ዳርቻ፣ የሚያውቅ ሰው ዳር ላይ ያለው ማዕበል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ አሸዋው ላይ ሲፈርጥ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ላይ የወጣው ውሃ ደግሞ ተመልሶ ሲወርድ ከሚመጣው ማዕበል ጋር ይጋጫል፣ ባክዋሽ ይሉታል፣ ሰውን አንስቶ ይወረውራል። እዛ ውስጥ ነው ሳምንታት ያሳለፍኩት። ማዕበል ሲመጣብህ ወደኋላ አትሩጥ፣ ስሩ ግባ፣ አሸዋውን በሁለት እጅህ ያዝ፣ ሲያልፍ ትወጣለህ። ከገለበጠህ አትታገል፣ ጭንቅላትህን በክንድህ ሸፍንና ሰውነትህን ልቀቀው፣ ያዞርሃል ያዞርሃል ከዛ ይለቅሃል፣ አረፋው ወደሚሄድበት ተከተል፣ አረፋ ሁሌም ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እነዚህን ነገሮች ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ ልጅቷ አንዴ ትናገራለች ከዛ ገብታ ታሳያለች፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ።

ትንፋሽ መያዝና በውሃ ውስጥ ዓይን መክፈት ከለመድኩ በኋላ ቡጊ ቦርድ፣ በደረት የሚተኙበት አጭር ቦርድ፣ ሰጡኝ፣ ከዛ የአያታቸውን አሮጌ ሎንግቦርድ፣ 9 ጫማ፣ በየቦታው በሬዚን የተጠገነ፣ ከባድ ግን የተረጋጋ። ለጀማሪ ትልቅ ቦርድ ነው የሚሻለው፣ አጭሩ ቦርድ ስታዩት ያምራል ግን ውሃ ላይ አይሸከማችሁም። ስትቀዝፉ ደረታችሁን ቀና ማድረግ፣ ማዕበሉ ሲደርስ ሁለት ሶስቴ ጠንከር አድርጎ መቅዘፍ፣ ቦርዱ በራሱ መንሸራተት ሲጀምር እጃችሁን ከደረታችሁ ጎን ተጭኖ ባንዴ ብድግ፣ በጉልበት መንበርከክ የለም፣ ዓይናችሁ የምትሄዱበት ላይ እንጂ እግራችሁ ላይ አይሁን። ቦርዱን ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያስረው ገመድ፣ ሊሽ የሚሉት፣ በየቀኑ ይታያል፣ ከተላላጠ ያን ቀን አይገባም።

ሌላው የት ቦታ መቀመጥ እንዳለብን ነው። ባህሩ ሳይታወቃችሁ ይወስዳችኋል፣ ስለዚህ መሬት ላይ ሁለት ምልክት ትይዛላችሁ፣ አንድ የኮኮናት ዛፍና ከኋላው ያለ የተራራ ጫፍ፣ ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ተንሸራታችኋል ማለት ነው። ይሄን ያሳየኝ አያታቸው ናቸው፣ ሁላችንም ቱቱ እንላቸዋለን። ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፣ በዛው ዘዴ ነው መረባቸው ያለበትን ቦታ የሚያገኙት።

ማካሃ ዝም ብሎ ሰፈር አይደለም። ከ1954 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሰርፊንግ ውድድር ይካሄድበት ነበር፣ በፋሎ ኬያውላና የሚባሉት ታዋቂ ሰው እዛ ላይፍጋርድ፣ ማለት የባህር ዳርቻ ሰው አዳኝ፣ ነበሩ፣ በ1977 የትልልቅ ቦርድ ውድድር የጀመሩት እሳቸው ናቸው፣ ልጃቸው ብራያን ደግሞ በጄት ስኪ፣ በውሃ ላይ ሞተር፣ ሰው ማዳንን ካስፋፉት አንዱ ነው። ለኛ ለልጆቹ ግን ትልቋ ሰው የማካሃዋ ሰርፈር ሬል ሰን ነበረች። ከ1976 ጀምሮ ለልጆች ብቻ የሚሆን ውድድር ታዘጋጅ ነበር፣ የሰፈሩ ህፃን ሁሉ ይሳተፍበታል። በጥር 1998 በካንሰር ስታርፍ ገና 47 ዓመቷ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው ያለቀሰው፣ ጓደኛዬን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እናቴ ባህር እንደምገባ ስትሰማ ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ልጄን ከአንበሳ አፍ አውጥቼ ለዓሣ አልሰጥም አለች፣ ጠበል ረጨችኝ፣ ቁምጣዬን ደበቀች። ያስታረቁን ቱቱ ናቸው። ቅዳሜ ቀን ከምግብ ጋር መጡ፣ ፍልሰታ ፆም ላይ ነበርን፣ እሷ አልበላም ስትል ምን ምን እንደምትፆም በትዕግስት ጠየቋት፣ ከዛ ፖይ አምጥተው ሰጧት። ፖይ ማለት ጎደሬ ተቀቅሎ ተወቅጦ በውሃ የሚላላ ነው፣ ስጋም ወተትም የለበትም፣ ሐምራዊ ግራጫ ነው መልኩ፣ ሁለት ሶስት ቀን ሲቆይ ይኮመጥጣል። እናቴ የኮመጠጠውን ነው የወደደችው፣ አብሲት እንደገባበት ሊጥ ይሸታል አለች። ከዛ ቀን በኋላ ልጁ ከኔ ልጆች ዓይን አይጠፋም ብለው ቃል ገቡላት፣ እሷም ቁምጣዬን መለሰች።

ወደ ሻርኩ ልምጣ። መጀመሪያ ያየሁት ትንሽ ነው፣ ኋይትቲፕ ሪፍ ሻርክ ይባላል፣ የክንፉ ጫፍ ነጭ ነው። ቀን ቀን ኮራል ስር ባለ ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚውለው፣ ብዙ ሻርክ ለመተንፈስ መዋኘት አለበት ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ ይሄ ግን መሬት ላይ ተጋድሞ መተንፈስ ይችላል። መነፅር አድርገን ስንጠልቅ ጓደኛዬ እጄን ይዞ አሳየኝ፣ ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ ዓይናቸው የድመት ይመስላል፣ ጉንጫቸው ቀስ እያለ ይከፈታል ይዘጋል። እነሱን ደጋግሜ ማየቴ በጣም ጠቀመኝ፣ ምክንያቱም ሻርክ የሚለው ቃል በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ አስፈሪ ነገር ብቻ መሆኑ ቀረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ካነኦሄ ቤይ ዘመዶቻቸው ጋ ሄደን የመዶሻ ራስ ሻርክ ግልገሎች አይቻለሁ፣ በፈረንጆቹ በጋ፣ ማለት ሙቀቱ ወቅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እዛ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ በሺዎች ነው የሚወለዱት፣ ክንድ የማያህሉ ናቸው፣ አንዱ መንጠቆ ይዞት ቱቱ እርጥብ እጃቸው ላይ አድርገው ቶሎ ፈተው ለቀቁት።

ታይገር ሻርክ ግን ሌላ ነው። ጥቅምት ውስጥ ነው፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ከተራራው ጀርባ ሳለች፣ የመጀመሪያው የፈረንጆቹ ክረምት፣ የብርዱ ወቅት፣ ማዕበል ከሰሜን ምዕራብ መግባት ጀምሯል፣ አምስት ሆነን ከውጭ በኩል ተቀምጠን እንጠብቃለን። መጀመሪያ ያየነው ኤሊ ነው። ሃዋይ ላይ የባህር ኤሊ ሁሌም አለ፣ ብቅ ይላል ይተነፍሳል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ይቺ ግን ከጥልቁ በኩል በመሃላችን በፍጥነት አለፈች፣ ልትተነፍስ እንኳን አልቆመችም። ልጅቷ ወዲያው እጇን አነሳች፣ ምንም አላለችም፣ ሁላችንም እግራችንን ከውሃ አውጥተን ቦርዱ ላይ ተጋደምን።

ከዛ መጣ። ፊልም ላይ እንዳለው ክንፍ ውሃ እየሰነጠቀ አይደለም የመጣው፣ ውሃው በትንሹ አበጠ፣ ከስሩ ደግሞ ጥላ። ከኔ በግራ በኩል ሁለት ቦርድ በማይሞላ ርቀት አለፈ፣ ራሱ ሰፊና ደልዳላ ነው፣ አፍንጫው እንደ ሌሎቹ ሾጣጣ አይደለም፣ ጎኑ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች ወደ ጭራው አካባቢ ደመቅ ይላሉ ወደ ሆዱ ሲወርዱ ይጠፋሉ። ርዝመቱ ከቦርዴ ይበልጣል። ዓይኑን አየሁት፣ ትልቅ፣ ጥቁር። ልቤ ቦርዱን ሲመታው ይሰማኛል። ልጅቷ በጣም በተረጋጋ ድምፅ "ሰብሰብ በሉ፣ እሱን እዩ፣ አትንቦጫረቁ" አለች፣ ቦርዶቻችንን አጠጋግተን ሁላችንም ፊታችንን ወደሱ አዞርን። ዞሮ ተመለሰ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከዛ ወደ ጥልቁ ወረደ። እኔ ያኔ ወደ ዳር ልቀዝፍ ነበር የፈለግኩት፣ እሷ ግን ማዕበል ጠብቁ አለች። የጠበቅነው ጊዜ ረጅም ነበር። ማዕበሉ ሲመጣ ትንሹን ልጅ ከፊት አስቀደምነው፣ ሁላችንም በደረታችን ተኝተን በአንድ ማዕበል እስከ አሸዋው ወጣን፣ እሷ መጨረሻ። ወጥታ መጀመሪያ ያደረገችው ለላይፍጋርዱ መንገር ነው፣ ከዛ ሌሎች ሰዎችን ከውሃ ማስወጣት።

ቱቱ ሲሰሙ አልደነገጡም፣ ስለ መልኩና ስለ አካሄዱ በዝርዝር ጠየቁን። በሃዋይ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ሻርክ አውማኩዋ ነው፣ ማለት የቤተሰቡ ጠባቂ የሆነ የአያት መንፈስ፣ እሳቸውም ሻርክ አይገድሉም አይበሉም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እምነታቸው የኔ አይደለም፣ ግን ከዛ እምነት የሚመጣው አክብሮት ዛሬም ልቤ ውስጥ አለ። እኛን ደጋግመው የነገሩን አንድ የድሮ አባባል አለ፣ ዊሊዊሊ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ሻርክ ይነክሳል ይላል፣ አበባው የሚወጣው የፈረንጆቹ በጋ አልቆ መፀው ሲገባ ነው። ኋላ ላይ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሻርኮች ላይ ምልክት አስረው ሲከታተሉ ከደረሱት ሴት ታይገር ሻርኮች ሩብ ያህሉ በዛው ወቅት፣ ምናልባት ለመውለድ፣ ከሰሜን ምዕራቦቹ ደሴቶች ወደ ዋናዎቹ ደሴቶች እንደሚመጡ አገኙ። አያቶቻቸው በዓይን አይተው የያዙት እውቀት ነው፣ ይሄን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ቱቱ የሚናደዱበት አንድ ነገር ቢኖር የሻርክ ግድያው ነው። በ1958 መጨረሻ ላኒካይ በሚባል የኦዋሁ ባህር ዳርቻ ላይ አንድ ልጅ በሻርክ ከሞተ በኋላ መንግስት ከ1959 እስከ 1976 ባለው ጊዜ 4,668 ሻርክ አስገደለ፣ ከነዚህ ውስጥ ታይገር ሻርክ 554 ብቻ ነው፣ ሌላው አብዛኛው ሰው የማይነካ ዓይነት ነበር። በሰው ላይ የሚደርሰው ጥቃት ግን ሊቀንስ አልቻለም። አሁን ህጉ ተገልብጧል፣ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሃዋይ ውሃ ውስጥ ሻርክን ሆን ብሎ መያዝም መግደልም ክልክል ነው። ቱቱ ይሄን ሳያዩ ነው ያረፉት፣ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

በ2003 ጥቅምት መጨረሻ ካዋይ ደሴት ላይ ቤተኒ ሃሚልተን የምትባል የ13 ዓመት ልጅ ግራ እጇን ታይገር ሻርክ ቆረጠው፣ ህይወቷን ያተረፈው አብረዋት ውሃ ውስጥ የነበሩት የጓደኛዋ አባት ቁስሉን በሊሽ አስረው ደሙን ማቆማቸው ነው። ወር ሳይሞላ ወደ ባህር ተመለሰች። ዜናውን ስሰማ አስራ ምናምን ዓመት ሙሉ "ብቻህን አትግባ" ሲሉኝ የነበሩት ሰዎች ምን ማለታቸው እንደነበር እንደገና ገባኝ፣ ብቻዋን ብትሆን ማን ያስርላት ነበር።

አሁን ከአሜሪካ ዋናው ምድር ለእረፍት ሃዋይ የሚሄዱ ሀበሾች ሲጠይቁኝ የምላቸው ይሄው ነው። ዝናብ ዘንቦ ውሃው ቡናማ ከሆነ፣ በተለይ ወንዝ የሚገባበት አካባቢ፣ አትግቡ፣ ሻርኩም አያያችሁም እናንተም አታዩትም። ሲነጋጋና ሲመሻሽ ቢቀር ይሻላል፣ ደም የሚፈስ ቁስል ካለ ውጡ፣ የሚያብለጨልጭ ሀብልና አምባር አውልቁ፣ ኤሊና ዓሣ ድንገት ሲሸሹ እናንተም ውጡ። ሰርፊንግ መልመድ ከፈለጋችሁ በፈረንጆቹ በጋ ዋይኪኪ ሂዱ፣ ማዕበሉ ረጅምና ለስላሳ ነው፣ በፈረንጆቹ ክረምት ላይ ሰሜኑንና ማካሃን ከአሸዋው ላይ ሆናችሁ እዩት። ሰው ተራ ይዞ ከሆነ ማዕበሉን አትሻሙ፣ መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ዳር ላይ ተቀመጡ፣ ሲጠሯችሁ ትገባላችሁ። ሙሉ ጨረቃ ከወጣች ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ቦክስ ጄሊፊሽ ወደ ዋይኪኪና ዋይአናይ ዳርቻ ይመጣል፣ ሲነድፍ በጣም ያማል፣ ስለዚህ ቀኑን ቆጥራችሁ ሂዱ። የሻርክ ምልክት ከተሰቀለ ላይፍጋርዱ እስኪያነሳው ጠብቁ።