ኮምፕረሰሩ ያሳመረው መስሎኝ ነበር

1176 ኮምፕረሰር ነው፤ ጮክ ያለውን ድምፅ እየጨመቀ የሚያመጣጥን የድሮ የስቱዲዮ ማሽን። የእሱን ፕለጊን (ማሽኑን በኮምፒውተር የሚመስል ፕሮግራም) ለመጀመሪያ ጊዜ ቮካል (የዘፋኙ ድምፅ) ላይ የጫንኩ ቀን ሚክሱ (የዘፈኑ ድምፆች ቅልቅል) ያለቀለት መሰለኝ። ድምፁ ወደ ፊት መጣ፣ ቃላቱም ጠሩ። በማግስቱ ሳዳምጠው ግን የዘፋኙ ትንፋሽ ከቃሉ እኩል ይጮኻል፤ «ስ» እና «ሽ» ጆሮ ይበሳሉ።

ፕለጊኑን እያጠፋሁና እያበራሁ ሜትሩን ሳይ ልዩነቱ 5 ዲሲቤል ገደማ ነበር። ለካስ የወደድኩት ጩኸቱን ኖሯል! ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ «ይሄ ይሻላል» ብሎ ይቀበላል። አውትፑቱን ዝቅ አድርጌ፣ ሲበራም ሲጠፋም እኩል እንዲሰማ ሳደርገው የውበቱ ግማሽ ተነነ። ከዚያ ወዲህ የድምፁን ከፍታ ሳላስተካክል የትኛውንም ኮምፕረሰር አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከማሽኑ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ቢል ፑትናም በ1967 ያወጣው 1176 የትሬሾልድ (መጨመቅ የሚጀምርበት የድምፅ ልክ) ማዞሪያ የለውም፤ ኢንፑቱን ከፍ ባደረግህ ቁጥር የበለጠ ይጨምቃል። ብዙዎቹ የድሮ ማሽን ፕለጊኖች ደግሞ በዲጂታል −18 ዲሲቤል የሆነውን ድምፅ በማሽኑ ቪዩ ሜትር (የድምፅ መጠን በመርፌ የሚያሳይ) ላይ እንደ ዜሮ ይቆጥሩታል። የእኔ ቮካል የዲጂታሉን ጣሪያ (0 ዲሲቤል) ሊነካ ትንሽ የቀረው ነበር። ማዞሪያውን ገና ሳልነካው መርፌው ወደ ግራ የተኛው፣ ማለትም ማሽኑ አብዝቶ የጨመቀው፣ ለዚህ ነው። አሁን ከፕለጊኑ በፊት ትራኩን ዝቅ አድርጌ አማካዩን −18 አካባቢ አውለዋለሁ።

አታኩ (ማሽኑ ምን ያህል ፈጥኖ መጨመቅ እንደሚጀምር የሚወስነው ማዞሪያ) ደግሞ ያስቃል። ፈጣን እንዲሆን ብዬ ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ በዚህ ማሽን ግን ፈጣኑ ወደ ቀኝ ነው። በቀኝ ጫፍ 20 ማይክሮሰከንድ፣ በግራ ጫፍ 800። ማለትም «ዘገምተኛው» እንኳ 1 ሚሊሰከንድ አይሞላም። የስኔር ከበሮው ምት ሳይነካ እንዲያልፍ 30 ሚሊሰከንድ አታክ የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኘውም፤ ሌላ ኮምፕረሰር ይያዝ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ምሽት ከከበሮ ጋር ታግያለሁ።

ቮካሉን ያዳነልኝ የሁለት ማሽኖች ቅብብል ነው። 1176 መጀመሪያ ገብቶ የሚዘሉትን ድምፆች ብቻ በ2 ወይም 3 ዲሲቤል ይይዛል፤ ኤልኤ-2ኤ የተባለው ሌላ የድሮ ኮምፕረሰር ከኋላው ሆኖ የቀረውን ያለሰልሳል። ኤልኤ-2ኤ የሚሠራው በብርሃን ነው፦ ድምፁ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ያበራል፣ ብርሃኑን የሚያይ ሬዚስተር ደግሞ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የጨመቀውን ሲለቅ ግማሹን በ60 ሚሊሰከንድ ገደማ ይለቃል፤ ቀሪው ሰከንዶች ሊወስድ ይችላል፣ ምን ያህል ጊዜና ምን ያህል በኃይል ሲጨምቅ እንደቆየ ስለሚወስነው። ስለዚህ ኤልኤ-2ኤ ብቻውን ሆኖ ድንገተኛ ጩኸት ከደረሰበት ተከታዩን ስንኝ ጭምር ይዞት ይሰምጣል። 1176ን ከፊት ያስቀደምኩት ለዚህ ነው።

ፌርቻይልድ 670 የተባለውን የድሮ ኮምፕረሰር ፕለጊንም ሞክሬያለሁ። እውነተኛው 20 የኤሌክትሮኒክ ቱቦ የተሸከመ ግዙፍ ማሽን ነው። ሰው ሁሉ ስላሞገሰው ከበሮው ላይ ጫንኩት፣ ምቱን አሰነፈብኝና አነሳሁት። አሁን ሙሉው ሚክስ ላይ መርፌው 1 ዲሲቤል ያህል ብቻ እንዲነቃነቅ አድርጌ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ልርሳው ነበር፦ አንዳንዶቹ ፕለጊኖች የድሮውን ማሽን የኤሌክትሪክ እምምታና ሹሹታም ይቀዳሉ። 12 ትራክ ላይ ሳላጠፋው ቀርቼ፣ ዘፈኑ ጸጥ በሚልበት ቦታ ላይ የማቀዝቀዣ ሞተር ከበስተኋላ የሚሠራ ይመስል ነበር። ማጥፊያዋ ትንሽ ቁልፍ ናት፤ አሁን ፕለጊኑን እንደከፈትኩ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።